አንድ ሜዳ ለሁሉም ፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ሥራ

በጎጃም ደጋ አገር፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት ሰፋፊ ሜዳዎች፣ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶውን ሲቀር የገና ጨዋታ የሚደራበት ጊዜ ይደርሳል። ጐበዛዝቱ ጫፉ የቈለመመ ዱላቸውን ይዘው፣ አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ ጋር ተሰልፎ፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ወደ ባላጋራው ዳር ለማድረስ ይሻማሉ። ከአባቶቻችን የወረስነው ይህ ጨዋታ ከጨዋታነቱ በላይ የሆነ አንድ ሕግ አለው። ይኸውም በዚያ ቀንና በዚያ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ አለመለየታቸው ነው። ሎሌው ጌታውን ቢገፋው ወይም ዱላው ቢያገኘው ጌታው ሊቈጣ አይገባውም፤ ቢቈጣም የሚሰማው የለም። ሜዳ ከወረዱ ወዲያ የሚታየው የእጅ ፍጥነትና የእግር ብርታት ብቻ ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የሕይወታቸውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላቸው ሰው ዕድሜ ልካቸውን የታገሉለት ዓላማ ከዚሁ ከገና ሜዳ ሕግ የተለየ አይደለምና ነው። እኒህ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በኳስ ተጫዋችነታቸው የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ዛሬ እያነሱ ሄደዋል፤ ወጣቱም ስማቸውን ከመስማት በቀር የሠሩትን ሥራ በዝርዝር የሚያውቅ አይመስለንም። ስለዚህ በሜዳ ላይ ያሳለፉትን ዘመንና መጫወት ካቆሙ በኋላ በየሸንጎው የፈጸሙትን ተግባር አያይዘን እንተርካለን። እኛ እንደምናምነው የኋለኛው ከፊተኛው የሚበልጥ ሲሆን፣ የኋለኛውን የወለደው ግን የፊተኛው ነው።

የባለቅኔው ልጅ

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ነው። ቀኑ የዘመን መለወጫ ዕለት ስለ ነበረ ልጁ ከአዲሱ ዓመት ጋር አብሮ ወደዚህ ዓለም መጣ ማለት ይቻላል። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም ችሎታቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው በአገሩ ሁሉ የታወቁ ሰው ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው በዚያ ሳሉ ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በዚህም ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀዳሚዎች ከሆኑት የሚቈጠሩ ናቸው። እንግዲህ ልጁ ያደጉት አዲስ ነገር በማይፈራበት፣ የውጭ አገር ዕውቀትም እንደ ነውር በማይታይበት ቤት ነው። ኋላ በዓለም መድረክ ላይ በልዩ ልዩ ቋንቋ ሲከራከሩ ለታየባቸው ድፍረት መሠረቱ ከዚህ የተጣለ ይመስለናል።

ኳስን የወደዱት ገና በልጅነታቸው ነው። በዚያን ጊዜ እግር ኳስ ለአዲስ አበባ እንግዳ ጨዋታ ነበር። የሚጫወቱትም አብዛኛውን በከተማው የሚኖሩት አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣልያኖችና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የአገሩ ልጅ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሰፈር የነበሩ ወጣቶች ተሰብስበው የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን አቋቋሙ። ለዚህ ሥራ ቀዳሚዎቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ነበሩ። ይድነቃቸውም የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ከዚህ ቡድን ጋር ተቀላቀሉ፤ ከዚያም ወዲያ ሌላ ቡድን አላወቁም።

የተከፈለው ሜዳ

ቡድኑ እግሩን ሳይተክል የጠላት ጦር አገሪቱን ወረረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው በየመንደሩ የፈጸመውን ግፍ ታሪክ ስለ መዘገበው እኛ እዚህ የምንናገረው በኳስ ሜዳ ላይ ስላደረሰው ብቻ ነው። ነገሩ ጥቂት መስሎ ቢታይም ለታሪካችን ቁልፉ ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ፋሺስቶች ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይበላ፣ አብሮ እንዳይኖር፣ በአንድ መኪና እንዳይሄድ እንደ ከለከሉ ሁሉ አብሮ እንዳይጫወትም ከለከሉ። ለአገሩ ተወላጆች የተለየ የስፖርት ጽሕፈት ቤት አቆሙላቸው፤ ውድድራቸውም ለብቻ ሆነ። የአገሩ ቡድኖች ስም እንኳ አልቀረላቸውም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር የሚል የፋሺስት ስም ተለጠፈበት። እንግዲህ ይድነቃቸው የጐልማሳነታቸውን ምርጥ ዓመታት የተጫወቱት በገዛ አገራቸው ላይ፣ በሰው ስም፣ ከባለ ጊዜዎቹ ጋር መግጠም በማይፈቀድበት የተለየ ሜዳ ላይ ነበር። ልጁ ከጣልያን ተጫዋቾች ያንስ እንደ ሆነ ወይም ይበልጥ እንደ ሆነ የሚታወቅበት መንገድ ተዘጋ። የዘር ልዩነት ሕግ ዋና ክፋቱ ይህ ነው፤ ሰውን ከመናቁም በላይ ንቀቱ ሐሰት መሆኑ እንዳይገለጥ መፈተኛውን ሜዳ ይዘጋል።

አምስቱ የመከራ ዓመታት በአርበኞች ተጋድሎ አለፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተው፣ የጎጃም አርበኞች ተጋድሎ ባቀናው መንገድ በደብረ ማርቆስ አልፈው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በጎጃም ደጋ የተቃጠለው የነጻነት ችቦ ለአዲስ አበባው ኳስ ተጫዋችም ያበራለት ነበርና፣ ያ ሊቶሪዮ የተባለው ስም ወደቀ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ወደ ስሙ ተመለሰ።

ከነጻነት በኋላ ስፖርትን በመንግሥት ደረጃ የሚመራ ድርጅት ያስፈልግ ስለ ነበረ አቶ ይድነቃቸው ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ውስጥ ሳሉ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በ1936 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ የነበሩት ቡድኖች በአንድ ውድድር ተሰለፉ። እነርሱም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ነገር ግን ከዋንጫው ይልቅ ልብ የሚባለው ሌላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ሜዳ ላይ መቆም ተከልክለው የነበሩት ኢትዮጵያዊና ጣልያናዊ በአንድ ዳኛ ፊሽካ፣ በአንድ ሕግ፣ እኩል አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ገጠሙ። የገና ሜዳ ሕግ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው።

ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ማሊያ

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱት ከ1928 እስከ 1950 ዓ.ም. ነው። በአንድ ክለብ ይህን ያህል ጊዜ መቆየት በየትም አገር ብዙ አይገኝም። በስማቸው ተመዝግቦ የሚነገረው ቍጥርም በ365 ጨዋታ 318 ጎል ነው። ይህ ማለት አንድ ቀን እንኳ ሳያገባ የሚውል አጥቂ አልነበሩም ባይባልም፣ ሜዳ በወረዱ ቍጥር የባላጋራው በረኛ የሚሰጋባቸው ሰው ነበሩ ማለት ነው። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ክለባቸው በ1942 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን የደስታው ተካፋይ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ኳስ መጫወት የእንጀራ ገመድ አልነበረም። ተጫዋቹ ቀን በሥራው ወይም በትምህርቱ ውሎ ማታ ይለማመዳል፤ በእሑድ ቀን በሕዝብ ፊት ተጫውቶ በማግሥቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ዋጋ የሚነጋገር ሰው አልነበረም። ይህን የምናነሣው ያለፈውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። አቶ ይድነቃቸው ኋላ ስለ ተጫዋቾች ሽያጭ የያዙትን ጥብቅ አቋም ለመረዳት ያደጉበትን ይህን ልማድ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ነው።

የካርቱሙ ውሳኔ

ከተጫዋችነታቸው ዘመን ማብቂያ ጋር የሁለተኛው ሕይወታቸው መጀመሪያ ተያያዘ። በሰኔ ወር 1948 ዓ.ም. ፊፋ እየተባለ የሚጠራው የዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በሊስቦን ጉባኤ ባደረገ ጊዜ ከአፍሪካ የመጡት ጥቂት መልእክተኞች የራሳቸውን ማኅበር ለማቆም ተመካከሩ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከኢትዮጵያ በኩል ከተቀመጡት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

ወዲያውም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እንዲጀመር ተወሰነ። ዕጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኛት። ነገር ግን ደቡብ አፍሪካ የምትከተለው የዘር ልዩነት ሕግ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ አይፈቅድም ነበርና፣ መልእክተኛዋ ከሁለት አንዱን ምረጡ አለ፤ ነጮች ብቻ ያሉበት ቡድን ይምጣ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት። የሦስቱ አገሮች መልእክተኞች ግን ሁሉም የተቀላቀሉበት አንድ ቡድን ካልሆነ አንቀበልም አሉ። ደቡብ አፍሪካም ሳትጫወት ቀረች። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ ደርሳ የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንድናስብ ይገባናል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበር። የአውሮፓ ታላላቅ መንግሥታትም ከደቡብ አፍሪካ ጋር በስፖርትም በንግድም ተወዳጅተው ይኖሩ ነበር። በቁጥር ሦስት ብቻ የቀሩት አገሮች ገና በተወለደው ማኅበራቸው ውስጥ ከአራቱ አንዱን ሲያስወጡ ማኅበሩ ሊፈርስ ይችል ነበር። ያም ሆኖ ጥቂት ሆኖ በአንድ ሜዳ መጫወት፣ ብዙ ሆኖ ሜዳውን ከመክፈል እንደሚሻል ፈረዱ። በሊቶሪዮ ስም ሥር በተለየ ሜዳ ለተጫወተ ሰው ይህ የሩቅ አገር የፖለቲካ ጉዳይ አልነበረም፤ በገዛ እግሩ የረገጠው ነገር ነበር።

የ1954 ዓ.ም. ዋንጫ

ይህ ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ አዘጋጀች። የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድኑ በመጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ በሕዝብ ፊት፣ በዚያን ጊዜ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ ይባል ከነበረው ከግብፅ ቡድን ጋር ለፍጻሜ ገጠመ።

ግብፆች ሁለቱንም ያለፉ ዋንጫዎች የወሰዱ ጠንካራ ቡድን ነበሩ። በጨዋታውም ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም ተደረሰባቸው። ዘጠናው ደቂቃ 2 ለ 2 ተፈጸመ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አገቡና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

የቡድኑን አሰላለፍ የሚመለከት ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ሁለቱ ወንድማማቾች ቫሳሎዎች ከኤርትራ የመጡ፣ አባታቸው ጣልያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። መንግሥቱ ወርቁ የጎንደር ልጅ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ጣልያንና ኢትዮጵያዊ በአንድ ሜዳ እንዳይቆሙ በተከለከለበት ከተማ ውስጥ፣ የሁለቱ ደም ያለው ወጣት የኢትዮጵያን ቡድን መርቶ ዋንጫ አነሣ። ለዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚፈለግ አይመስለንም።

የዓለም ዋንጫና የአፍሪካ እምቢታ

አሁን ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ወደሚታወቁበት ክርክር እንመጣለን። ለ1958 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ፣ ፊፋ አሥራ ስድስት ቦታዎችን ሲያከፋፍል አሥሩን ለአውሮፓ ሰጠ። ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በጠቅላላው የደረሳቸው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ አገር ከአህጉሩ ውድድር በኋላ እንደ ገና ከእስያው አሸናፊ ጋር መግጠም ነበረበት።

አፍሪካውያን ይህን አልተቀበሉም። የጋናው መሪ ዶክተር ክዋሜ ንክሩማ፣ የጋና ስፖርት ኀላፊ ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነገሩን ግንባር ሆነው ይዘው ተቃወሙ። አንድ ሙሉ አህጉር ከሌላ ሁለት አህጉሮች ጋር ለአንድ ወንበር እንዲጋፋ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት መሆኑን አስረዱ። ፊፋ አልሰማም። በውድድሩ ለመካፈል የተመዘገቡት የአፍሪካ ፌዴሬሽኖችም በአንድነት ወጡ። ፊፋ ቅጣት ጣለባቸው፤ እነርሱ ግን ከቃላቸው አልተመለሱም።

ይህ እምቢታ ዋጋ ነበረው። የዘመኑ ተጫዋቾች በዓለም ዋንጫ የመታየት ዕድላቸውን አጡ፤ ዕድሜያቸውም አልጠበቃቸውም። በእንግሊዙ ውድድር ላይ ከሁሉ በላይ 9 ጎል ያገባው ኤውዜቢዮ በሞዛምቢክ የተወለደ አፍሪካዊ ሲሆን የተጫወተው ለፖርቱጋል ነበር። አፍሪካ በስሟ አልነበረችም፤ ልጅዋ ግን በሌላ ስም ከሁሉ በልጦ ታየ። ይህን ያዩ ሁሉ የእምቢታው ምክንያት ገባቸው።

ፍሬውም ሳይዘገይ ታየ። ፊፋ ለቀጣዩ ለ1962 ዓ.ም. የሜክሲኮ ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ፈቀደ፤ ሞሮኮም ተጫወተች። በ1970 ዓ.ም. ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 በማሸነፍ በዓለም ዋንጫ ጨዋታ የረታች የመጀመሪያይቱ አፍሪካዊት አገር ሆነች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያም ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች። በ1978 ዓ.ም. ሞሮኮ ከምድቧ አንደኛ ሆና ወደ ሁለተኛው ዙር ዘለቀች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ሁሉ በዐይናቸው አዩ።

ድምፅ እንደ ኳስ

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለ15 ዓመታት በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ።

የትግላቸውን ስልት ለመረዳት የፊፋን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በፊፋ ጉባኤ እያንዳንዱ አባል አገር አንድ ድምፅ አለው። የእንግሊዝ ድምፅ ከኢትዮጵያ ድምፅ አይበልጥም። በ1950ዎቹ የአፍሪካ አገሮች አንድ በአንድ ነጻነታቸውን ሲያገኙ የየአገሩ ፌዴሬሽንም የፊፋ አባል እየሆነ የአህጉሩ ድምፅ በዛ። ሆኖም የተበታተነ ድምፅ እንደ ተበታተነ ተጫዋች ነው፤ ኳሱን እየተቀባበለ ካልሄደ ጎል አያገባም። አቶ ይድነቃቸው የሠሩት ትልቁ ሥራ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የሚናገሩትን፣ በፖለቲካም የማይስማሙትን አገሮች በኳስ ጉዳይ አንድ ልብ እንዲሆኑ ማድረግ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ፈተናው የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ አገደ፤ የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ግን ስፖርት ከፖለቲካ ይለይ በሚል ምክንያት በ1955 ዓ.ም. እገዳው እንዲነሣ አደረጉ። የአፍሪካና የእስያ መልእክተኞች በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶኪዮ ጉባኤ እገዳውን መለሱት። በሰኔ ወር 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተደረገው ምርጫ ሰር ስታንሊ በብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንጅ 68 ለ 52 ተሸነፉ። የአፍሪካ ድምፅ ለዚህ ውጤት ዋና ምክንያት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ አባልነት ጨርሳ ተሰረዘች። በካርቱም በሦስት አገሮች የተጀመረው ውሳኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የዓለም ሕግ ሆነ።

ስፖርት ከፖለቲካ ይለይ የሚለው አባባል በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን አቶ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው የያዙት ክርክር ፖለቲካን ወደ ሜዳው ያስገባው ሜዳውን በዘር የከፈለው ወገን ነው የሚል ነበር። አጥር ያቆመው ሰው አጥር አታፍርሱ ቢል ማን ይቀበለዋል?

ያልያዘላቸው ክርክር

የሰውን ታሪክ ስንጽፍ የተሳካለትን ብቻ መቍጠር ለአንባቢ ታማኝ አለመሆን ነው። አቶ ይድነቃቸው ያላሸነፉት ክርክር አለ። ይኸውም የአፍሪካ ተጫዋቾች ለገንዘብ ወደ አውሮፓ የመሄዳቸው ነገር ነው።

እርሳቸው እንደሚያስረዱት አፍሪካ በመሬቷ ውስጥ ያለውን ጥሬ ሀብት እየሸጠች ድኻ እንደ ሆነች፣ ተጫዋቾችዋንም እየሸጠች በሜዳ ላይ ድኻ እንዳትሆን ያሰጋል። ለልጆች ምሳሌ የሚሆነው ጐበዝ ከአገር ከወጣ፣ ስታዲየሙ ባዶ ይሆናል፤ ስታዲየሙ ባዶ ከሆነ ክለቡ ይደክማል፤ ክለቡ ከደከመ ብሔራዊ ቡድኑ ከየት ይገኛል? በአፍሪካ ዋንጫም ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ሰዎች በአንድ ቡድን ከሁለት እንዳይበልጡ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የወጣው ደንብ ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ነበር።

በሌላ በኩል የሚከራከሩትም ምክንያት አላቸው። የተጫዋች እግር የሚያገለግለው ጥቂት ዓመት ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ቤተ ሰቡን ከድኽነት የሚያወጣ ደመወዝ ሲቀርብለት፣ ለአገር ክብር ሲባል እምቢ በል ማለት ቀላል አይደለም። ይህን የሚለው በነጻ የተጫወተ ትውልድ ሲሆን ደግሞ ወጣቱ ላይሰማው ይችላል። ደንቡም በ1982፣ በእኛ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ጐበዞች በብዛት ወደ አውሮፓ ፈለሱ። እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ ፈራጅ ሆነን አንቀመጥም። ነገር ግን ስለ ባዶው ስታዲየም የተናገሩት ስጋት ከንቱ እንዳልነበረ ዛሬ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች የሚታይ ነው። አንባቢም በየቡና ቤቱ የአውሮፓን ጨዋታ ለማየት የሚሰበሰበውን ሕዝብና በዚያው ሰዓት በአገሩ ሜዳ የሚገኘውን ተመልካች ቢያመዛዝን ፍርዱን ራሱ ይሰጣል።

የአገራችንም ቡድን ከ1954ቱ ድል በኋላ ያን ከፍታ ደግሞ አላገኘም። ኢትዮጵያ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አዘጋጀች፤ ዋንጫውን ግን በፊተኛው ኮንጎ ኪንሻሳ፣ በኋለኛው ሞሮኮ ወሰዱ። ከ1974 ዓ.ም. ውድድር በኋላም እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ለሠላሳ አንድ ዓመት ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልደረሰችም። አህጉሩን ሁሉ ያደራጀው ሰው በገዛ አገሩ የኳስ ውድቀት ሲጀምር ማየቱ ሳያሳዝናቸው አይቀርም።

የመጨረሻው ፊሽካ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ ዐረፉ። ስድሳ ስድስተኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ የቀራቸው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነበር። በዘመን መለወጫ ተወልደው ልጆች ጅራፍ በሚያጮኹበት የጨዋታ ቀን ማረፋቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ለእንዲህ ያለው ሰው የሚስማማ ነው።

ሲጀምሩ አራት አባላት፣ ያውም አንዱ የወጣበት የነበረው ኮንፌዴሬሽን፣ እርሳቸው ሲያልፉ ከአርባ የሚበልጡ አገሮች ይዞ ነበር። በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን የዋንጫ አሸናፊ ክለቦች ውድድርና የወጣቶች ሻምፒዮና ተጨምረዋል። በቦታቸው የተተኩት ሰዎችም የሠሩት እርሳቸው በጣሉት መሠረት ላይ ነው።

ሳያዩት የቀረው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። የዘር ልዩነት ሕግ ሲወድቅ ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ አዘጋጅታ፣ ነጭና ጥቁር በተቀላቀሉበት ቡድን ዋንጫውን አነሣች። ይህ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም እንዲመጣ የተጠየቀው፣ ያልመጣውም ቡድን ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዘገየ እንጂ አልቀረም። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር ሲደረግ አስተናጋጇ ይህችው ደቡብ አፍሪካ ሆነች። በአንድ ወንበር ላይ ከሁለት አህጉሮች ጋር ትጋፋ የነበረችው አፍሪካም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ ተመድቦላታል።

ብዙ ኳስ ተጫዋቾች ጉልበታቸው ሲደክም ስማቸውም አብሮ ይደክማል። ተመልካቹ አዲሱን ያጨበጭብለታል፤ ፊተኛውን ይረሳዋል። አቶ ይድነቃቸው ግን ከሜዳ ሲወጡ ከሜዳ የተማሩትን ይዘው ወጡ። በጐልማሳነታቸው የተከፈለ ሜዳ አይተው ነበርና፣ ቀሪ ዘመናቸውን ሜዳው ደግሞ እንዳይከፈል ሲጠብቁ አሳለፉ። ለእግር ኳሳችን የሚያስቡ ሁሉ 318ቱን ጎል ከማስታወስ ጋር ይህንንም ለልጆቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው እንላለን። በደብረ ማርቆስ ሜዳ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ወደፊት ታላቅ ተጫዋች ሊሆን ወይም ላይሆን ይችላል። ሜዳው ግን ለማንም የማይከለከል፣ ጌታና ሎሌ የማይለይበት መሆኑን ካወቀ፣ የአባቶቹን የገና ሕግም የአቶ ይድነቃቸውንም ትምህርት ወርሷል ማለት ነው።